የትኛውን ብረት? ከውሃ ውስጥ መርጦ ስለሚይዘው ሬዚን



ባለፈው ረመዳን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላለ አንድ የገጠር መድረሳ የውሃ ማጣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ስናሰባስብ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የመድረሳው ልጆች ጥርስ ቡናማ ነጠብጣብ ስላለው የመንደሩ ሰው «የጉድጓዱ ውሃ ብረት አለበት» ይል ነበር፤ እኛም ይህንኑ ይዘን ከኢፍጣር በኋላ በየዶርሙ ዞርን። 10 ብርም 50 ብርም ሰጥታችሁናል፤ አላህ ይቀበላችሁ። ገንዘቡ ሲሞላ ሦስት ሆነን ወደ አንድ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ክንድ የሚያህል ነጭ ሲሊንደር አወጣና «ይሄ ውስጡ ሬዚን ነው፤ ከባድ ብረት በሙሉ ይይዛል» አለን። አብራን የነበረችው የኬሚስትሪ ተማሪ እህታችን «የትኛውን ብረት?» ብላ ጠየቀችው። «ሁሉንም» አላት። «ካልሲየሙንም?» «ሁሉንም አልኩሽ እኮ!»

ሳንገዛ ወጣን። ከእናንተ መካከል «የሰደቃ ገንዘብ ይዛችሁ እስካሁን ምን ትጠብቃላችሁ?» ያላችሁን አላችሁ። ገንዘቡ አማና ስለሆነ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። «ሁሉንም ይይዛል» የሚለው መልስ ለምን እንዳላሳመነን በዚህ እትም እናስረዳለን። ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱን።

በጦሃራ ደርስ ላይ ስለ ውሃ ስንማር ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው በነጃሳ መለወጡን እንድናይ ተነግሮናል። ለዉዱእ ይህ መለኪያ በቂ ነው። የሟሟ እርሳስ ግን ሦስቱንም አይነካም። (እርሳስ ስንል ብረቱን ነው፤ የምንጽፍበት እርሳስ ልቡ ግራፋይት ነው፣ ከዚህ ነገር የለበትም።) የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በአንድ ሊትር ለእርሳስ 10፣ ለካድሚየም 3፣ ለባዚቃ 6፣ ለጠቅላላ ክሮሚየም 50 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የሚሊግራም አንድ ሺህኛ ነው። 10,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ ውስጥ አንድ አሥረኛ ግራም እርሳስ ቢሟሟ ውሃው ልክ ወሰኑ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ዓይንም ምላስም አያገኘውም። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ይተንና ብረቱ ስለሚቀር መጠኑ እንዲያውም ይጨምራል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የማይጎዳበት የሚባል መጠን ደግሞ እስካሁን አልታወቀም። ስለዚህ ለዉዱእ የሚሆን ውሃ ሁሉ ለመጠጥ ይሆናል ማለት አይደለም። ፈትዋ እየሰጠን አይደለም፤ ፊቅሁን ለኡስታዞቻችን ትተን የእኛን ድርሻ እንናገራለን።

አሁን ወደ ሻጩ ቃል እንመለስ። የጉድጓድ ውሃ ስንቀዳ በውስጡ ካልሲየም፣ ማግኒዝየም፣ ሶዲየም አለ። በማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ካልሲየም ነው። ለጤና ጉዳት የለውም፤ ይጠቅማል እንጂ። በአንድ ሊትር 40 ሚሊግራም ካልሲየም ያለው ተራ ውሃ እንውሰድና ከወሰኑ እጥፍ የሆነ፣ ማለትም 20 ማይክሮግራም ያህል እርሳስ አለበት እንበል። በአቶም ቁጥር ስናሰላው ለአንድ የእርሳስ አዮን 10,000 የካልሲየም አዮኖች አሉ። ሁለቱም ሁለት ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ተሸክመዋል። እንግዲህ ከአሥር ሺህ ሰው መካከል አንድ ሌባ ለመያዝ በሩ ላይ የቆመ ዘበኛ ያገኘውን ሁሉ እያሰረ ቢያጉር፣ ሌባው ሳይመጣ እስር ቤቱ ይሞላል። የውሃ ማጣሪያ ችግርም ይኸው ነው። ብረት መያዝ ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው መምረጡ ነው።

ሬዚን የሚለው ቃል እንደ እጣን ያለ የዛፍ ሙጫን ያሳስባል፤ በማጣሪያ ውስጥ ያለው ግን በፋብሪካ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። አብዛኛው ፖሊስታይሪን ሲሆን ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ክብ እንክብሎች ሆኖ ይመጣል። በእንክብሉ ላይ አዮን የሚይዙ ኬሚካላዊ «እጆች» ተተክለዋል። በጣም የተለመደውና ርካሹ ሬዚን እጁ ሰልፎኒክ አሲድ ነው። ሶዲየም ይዞ ይጠብቃል፤ ካልሲየም ሲመጣ ሶዲየሙን ለቆ ካልሲየሙን ይይዛል። ሲሞላ በጨው ውሃ ይታጠብና እንደገና ይሠራል። ለቦይለርና ለልብስ ማጠቢያ ውሃ የሚያለሰልሱት ማሽኖች በዚህ ይሠራሉ። ሻጩ ያሳየን ሲሊንደር ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ስናነብ ይኸው ዓይነት ሆኖ አገኘነው።

ይህ ሬዚን እርሳስን አይይዝም አንልም፤ ይይዛል። ከካልሲየም አስበልጦ የሚመርጠው ግን በሁለት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሊትር ሬዚን አንድ ሞል ያህል ሁለት ቻርጅ ያለው አዮን ይይዛል። ከላይ ያልነው ውሃ በሊትር የሞል አንድ ሺህኛ ካልሲየም ስላለው 1,000 ሊትር ካለፈ በኋላ ሬዚኑ በካልሲየም ይሞላል። እርሳስን በሁለት እጥፍ ስለሚመርጥ እርሳሱ ማምለጥ የሚጀምረው ወደ 2,000 ሊትር ሲጠጋ ነው። 100 ልጆች በቀን 5 ሊትር ቢጠቀሙ በአራት ቀን ያልቃል። በአምስተኛው ቀን ሲሊንደሩ እንደ ቆመ ነው፣ ውሃውም ንጹሕ ይመስላል፣ ልጆቹም እርሳሱን ይጠጣሉ። ያውም ማግኒዝየሙን አልቆጠርንም።

መራጭ የሚባለው ሬዚን እጁ ሌላ ነው። ከእነዚህ የታወቀው ኢሚኖዳይአሴቴት የሚባለውን ቡድን የተሸከመው ነው። ይህ ቡድን አንድ ናይትሮጅንና በሁለት በኩል ሁለት የኦክስጅን ጫፍ ስላለው ብረቱን በሦስት ጣት አንቆ ይይዘዋል። እንዲህ ያለውን አያያዝ ኬሚስቶች ኪሌት ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው የሸርጣንን መቆንጠጫ ከሚጠራው የግሪክ ቃል ነው። በመጠኑ አሲዳማ በሆነ፣ ፒኤቹ 4 በሆነ ውሃ ይህ ሬዚን እርሳስንና መዳብን ከካልሲየም ይልቅ ከሺህ እጥፍ በላይ ይመርጣል። ለካድሚየም ግን ምርጫው ከሃያ እጥፍ አይበልጥም። ስለዚህ «መራጭ ሬዚን ነው» መባሉ ብቻውን አይበቃም፤ ማንን ከማን እንደሚመርጥ መጠየቅ አለበት።

ያንኑ ሒሳብ በሺህ እጥፍ ምርጫ ስንሠራው አንድ ሊትር ሬዚን በወረቀት ላይ ከ500,000 ሊትር በላይ ውሃ ያጣራል። ከ2,000 ጋር አወዳድሩት። በተግባር ቁጥሩ ዝቅ ይላል። በውሃው ውስጥ መዳብ ካለ እርሱም ከእርሳስ እኩል ይሻማል፤ የብረት ዝገት እንክብሎቹን ይሸፍናል፤ ሬዚኑ የሚይዘው የሟሟውን አዮን እንጂ የተንሳፈፈ ቅንጣት አይደለም፤ ፒኤቹ ሲለወጥም ምርጫው ይለወጣል። ኪሌት ሬዚን ቀስ ብሎ የሚሠራ መሆኑም ይታሰብ። አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚመክሩት ፍጥነት በሰዓት ከሬዚኑ መጠን ከ10 እስከ 20 እጥፍ ነው። አንድ ሊትር ሬዚን በሰዓት 20 ሊትር ቢያሳልፍ የመድረሳውን 500 ሊትር ለማጣራት 25 ሰዓት ይፈጃል፤ ቀኑ ደግሞ 24 ሰዓት ነው። ቧንቧውን ከፍተን ውሃውን በጥድፊያ ካሳለፍነው እርሳሱ ሳይያዝ ያልፋል።

የሕክምና ተማሪ ወንድሞቻችን ይህን ጉዳይ ከእኛ በፊት ያውቁታል። በእርሳስ የተመረዘ ሕፃን የሚታከምበት ኢዲቲኤ የሚባለው መድኃኒት ሁለት የኢሚኖዳይአሴቴት ቡድኖች ተያይዘው የተሠሩት ነገር ነው። ሬዚኑ በእንክብል ላይ የሚሠራውን መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይሠራዋል። ታዲያ መድኃኒቱ የሚሰጠው አስቀድሞ ካልሲየም ተሸክሞ ነው፤ እርሳስ ሲያገኝ ካልሲየሙን ለቆ እርሳሱን ይዞ በሽንት ይወጣል። ካልሲየም ያልያዘው፣ በሶዲየም ብቻ የተዘጋጀው ዓይነት በስህተት ቢሰጥ የደሙን ካልሲየም ጠራርጎ ይይዛል። ከ2003 እስከ 2005 በአሜሪካ በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ተመዝግበዋል። «ሁሉንም ይይዛል» የሚለውን ቃል እኛ በክፋት የምናየው ለዚህ ነው።

ምርጫው ከየት ይመጣል? አሜሪካዊው ኬሚስት ራልፍ ፒርሰን በ1963 አዮኖችን «ጠንካራ» እና «ለስላሳ» ብሎ ከፈላቸው። ካልሲየምና ማግኒዝየም ጠንካሮች ናቸው፤ ኤሌክትሮኖቻቸው አጥብቀው ስለተያዙ እንደ ኦክስጅን ካሉ ጠንካሮች ጋር ይስማማሉ። ባዚቃና ካድሚየም ለስላሶች ናቸው፤ ድኝን ይወዳሉ። እርሳስ በመካከል ነው። ስለዚህ ባዚቃን ከውሃ ለማውጣት የሚሠራው ሬዚን እጁ ላይ ድኝ ያለበት፣ ቲዮል የሚባለው ነው። ካልሲየም በአጠገቡ ቢያልፍም ዞር ብሎ አያየውም። ቲዮሎች በድሮ ስማቸው መርካፕታን ይባሉ ነበር፤ በላቲን «ባዚቃ ያዥ» ከሚል ሐረግ የወጣ ስም ነው። በሰውነታችን ውስጥ ባዚቃ የሚጎዳንም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ የፕሮቲኖቻችንን ድኝ ፈልጎ ይጣበቅበታል።

ከእነዚህ ለየት ያሉ፣ አውጪ ሬዚን የሚባሉም አሉ። በእነርሱ ላይ እጅ አልተተከለም፤ ስፖንጅ በዘይት እንደሚርስ የፕላስቲኩ ቀዳዳዎች ብረት በሚወድ ፈሳሽ ይረሰርሳሉ። በብዛት የሚሠሩት በላብራቶሪ ነው። በጣም የሚያስገርመን አክሊል ኢተር የተባለው ፈሳሽ ያለበት ነው። ቻርልስ ፔደርሰን በ1967 ያሳተመው ይህ የሞለኪውል ቀለበት መካከሉ ክፍት ሲሆን የክፍተቱ ስፋት የሚያልፈውንና የሚቀረውን ይወስናል። ፔደርሰን በ1987 ከሁለት ሌሎች ሰዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ስትሮንቲየምን ከካልሲየም ለመለየት ታስቦ የተሠራ አንድ እንዲህ ያለ ሬዚን እርሳስን ከስትሮንቲየም አብልጦ አጥብቆ ይይዛል፤ የሁለቱ አዮኖች ስፋት እኩል ሊባል የሚችል ነውና። የአውጪ ሬዚኖች ድካም ፈሳሹ ያልተጣበቀ ስለሆነ ቀስ በቀስ ከውሃው ጋር መውጣቱ ነው። ለምርመራ ግሩም ናቸው፤ ለመድረሳ ግን አንመክራቸውም።

በአገራችን ስለ ከባድ ብረት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ክሮሚየም ነው፤ እኛም የዋህ መልስ እንዳንሰጥ ያስተማረን እርሱ ነው። ቆዳ በመልፋት እንደሚጠራ በፊቅህ ተምረናል። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ቆዳ ይለፋ የነበረው ቀረዝ በሚባል የግራር ዓይነት ፍሬ ነበር። ዛሬ የኡዱሒያችን ቆዳ ወደ ፋብሪካ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። ቆዳው ከተጨመረው ክሮሚየም በተለመደው አሠራር ከ60 እስከ 80 በመቶ ይወስዳል፤ የቀረው በውሃው ውስጥ ይቀራል። ወደ ቆቃ የሚወርደው የሞጆ ወንዝና አዲስ አበባን አቋርጦ አትክልት የሚያጠጣው አቃቂ በዚህ ምክንያት የብዙ ጥናት ርዕስ ሆነዋል።

ይህን ክሮሚየም በኪሌት ሬዚን መያዝ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከቆዳ የሚወጣው ሦስት ቻርጅ ያለው ክሮሚየም ስድስት የውሃ ሞለኪውሎችን በዙሪያው አስሮ ይዞራል፤ አንዱን ውሃ ለቆ ሌላ ለመያዝም ቀናት ይፈጅበታል። መዳብ ይህንኑ በሰከንድ ቢሊዮንኛ ይጨርሰዋል። ሬዚኑ እጁን ቢዘረጋለትም ክሮሚየሙ የራሱን ውሃ ሳይለቅ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ኖራ ወይም ማግኒዝየም ኦክሳይድ ተጨምሮ ፒኤቹ ወደ 8 ወይም 9 ሲደርስ አብዛኛው ክሮሚየም ዝቃጭ ሆኖ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ሬዚን የሚታሰበው ለቀሪው ነው። ስድስት ቻርጅ ወዳለው፣ ካንሰር አምጪ ወደሆነው ዓይነት ከተለወጠ ደግሞ ጭራሽ ክሮሜት የሚባል ኔጌቲቭ አዮን ይሆናል። ፖዘቲቭ አዮን ለመያዝ የተሠራ ሬዚን ክሮሜትን አያገኘውም፤ የግድ በተቃራኒው የተሠራ ሬዚን ያስፈልገዋል። ስሙ አንድ የሆነ ብረት ሁለት የማይገናኙ ማጣሪያዎችን ይጠይቃል ማለት ነው።

ሻጮች የማይነግሩን ሌላም ነገር አለ። ሬዚን ብረትን አያጠፋም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያዛውረዋል እንጂ። ኪሌት ሬዚን ሲሞላ በአሲድ ይታጠባል፤ የሃይድሮጅን አዮኖች ብረቱን ገፍተው ያስወጡታል። በመቶ ሺህ ሊትር ውሃ ተበትኖ የነበረው እርሳስ አሁን በጥቂት ሊትር አሲድ ውስጥ ተጠራቅሟል። ፋብሪካ ከዚህ መዳብ ወይም ኒኬል አውጥቶ መልሶ ሊጠቀም ይችላል፤ ለፋብሪካ ይህ ትርፍ ነው። መድረሳ ግን ያንን አሲድ ወዴት ያፈሰዋል? ሲሊንደሩንስ ቆሻሻ ላይ ቢጥለው ዝናብና አሲድ ያገኘው እርሳስ ወደ ጎረቤት ጉድጓድ አይወርድም? ውሃችንን አጣርተን የሌላውን ውሃ ከመበከል አላህ ይጠብቀን። ማጣሪያ ስንገዛ ያረጀውን የሚረከብ ሰው አብረን መፈለግ ይኖርብናል።

ከሱቁ ከወጣን በኋላ ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለምርመራ ለማዋል የገንዘብ ያዣችንን ፈቃድ ጠየቅን። ናሙናውን በንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ ቀድተን፣ ለብረት የሚመረመረውን ለብቻው በጥቂት ናይትሪክ አሲድ ጠብቀን (አለበለዚያ ብረቱ በዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል) ወደ ላብራቶሪ ላክን። ውጤቱ ባለፈው ሳምንት ደረሰን። እርሳስም፣ ካድሚየምም፣ ክሮሚየምም ከወሰኑ በታች ናቸው። ከወሰኑ በላይ የወጣው ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የልጆቹን ጥርስ ቡናማ ያደረገው ብረት አልነበረም። በስምጥ ሸለቆ የፍሎራይድ ነገር የታወቀ ስለሆነ ከመጀመሪያው መጠርጠር ነበረብን፤ ስህተቱ የእኛ ነው።

ፍሎራይድ ኔጌቲቭ አዮን ነው። በሱቁ ያየነውን ሲሊንደር ገዝተን ተክለን ቢሆን አንዲትም ፍሎራይድ አይይዝም ነበር፤ ልጆቹም «ተጣርቷል» ብለው እያመኑ ይጠጡ ነበር። መራጭ ሬዚን እዚህም ቦታ አለው፦ ኪሌት ሬዚን አስቀድሞ አሉሚኒየም እንዲይዝ ቢደረግ፣ ጠንካራው አሉሚኒየም ጠንካራውን ፍሎራይድ ፈልጎ ይይዛል። ዋጋው ግን ካሰባሰብነው በላይ ነው። ርካሹና በአገራችን ስምጥ ሸለቆ የተሞከረው መንገድ የአጥንት ከሰል ነው፤ የእንስሳት አጥንት ተቃጥሎ ተፈጭቶ ውሃው በእርሱ ላይ ያልፋል።

እዚህ ላይ ከእኛ አቅም በላይ የሆነ ጥያቄ መጣብን። አጥንቱ በሸሪዓ ከታረደ እንስሳ መሆኑ ካልታወቀ የሚያልፍበት ውሃ ሑክሙ ምንድን ነው? መቃጠሉስ ይለውጠዋል? ጥያቄውን ጽፈን ለኡስታዛችን ሰጥተናል፤ ከቄራ የታወቀ አጥንት ማግኘት ይቻል እንደሆነም ሁለት ወንድሞች እያጣሩ ነው። መልሱን ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። ከምርመራው ወጪ የቀረው ገንዘብ በጀመዓው ሒሳብ ውስጥ ነው፤ ደረሰኙን ማየት የሚፈልግ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ገንዘብ ያዣችንን ያነጋግር።